በወርቁ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት

ፊሎካሎስ ቅርጹን ጨርሶ የገንዘብ ማተሚያውን ብረት እንድትወለውልለት ሲሰጣት፣ ዲዛ አንዴ አየችውና በሳቅ ፍርስ አለች። ሮም ውስጥ፣ የቄሣር ወርቅ በሚመታበት ግቢ፣ ባሪያ ጮክ ብላ አትስቅም። መዶሻ መቺው ሩፊዮ እንኳ ክንዱን አየር ላይ እንዳቆመ ዞር ብሎ አያት።

«ምን ታይቶሽ ነው?» አለ ፊሎካሎስ።

«ይቅርታ ጌታዬ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘንባባ ነዋ። ምን መሰለሽ?»

«ሥሩ ተቀምጣ የምታለቅሰውስ?»

«ዳኪያ ናት። ያንቺው አገር።»

«እኛ አገር ዘንባባ የለም» አለች ዲዛ፣ በሳቅ የመጣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ጥድ ነው ያለው። ጥድና በረዶ። ዘንባባ ያየሁት እዚሁ ሮም፣ የሀብታም ግቢ ውስጥ ነው፤ እሱም ብርዱን አልቻለውም መሰለኝ ጠውልጓል።»

ጥፋቱ የፊሎካሎስ ብቻ አልነበረም። ገንዘብ መምቻው ቤት የቆየ ልማድ አለው። በወርቁ አንደኛው ፊት የቄሣር ራስ ይወጣል፣ በጀርባው ደግሞ ቄሣር የሠራው ሥራ። አንድ ሕዝብ በተሸነፈ ቁጥር ቀራጩ ከሣጥኑ የድሮውን ናሙና ያወጣል፦ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ጉንጯን በእጇ ደግፋ የምታለቅስ ሴት፣ ከጎኗ የተማረከ ጋሻና ሰይፍ፣ ከበላይዋ ዛፍ። የሚለወጠው የአገሩ ስም ብቻ ነው። ናሙናው መጀመሪያ የተሠራው ለይሁዳ ነበር፤ ዘንባባውም የዚያን ጊዜ ነው። የሚሸነፈው አገር ይለያያል እንጂ የምታለቅሰው ሴት ያቺው ናት። ከአንዱ ሽንፈት ወደ ሌላው ሲያዛውሯት ኖሩ እንጂ ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም።

ዲዛ ፊሎካሎስ ከጦርነቱ በኋላ ከገበያ የገዛት ናት። መቅረጫዎቹን ትስላለች፣ የተቀረጸውን ማተሚያ ብረት በዘይትና በላመ የድንጋይ ዱቄት ትወለውላለች፣ ምሳውን ታሞቅለታለች። ሲነጋ ከእሱ ጋር ወደ ግቢው ትገባለች፤ ሲመሽ በር ላይ ፀጉሯን ፈትተው፣ ጫማዋን አራግፈው፣ የወርቅ ብናኝ አለመያዟን አይተው ይለቋታል። አገሯ፣ ተራራው ላይ፣ ምሽጋቸው ሲወድቅ የሮም ወታደሮች በተሰበረው በር በኩል እየነዱ ሲያወጧት አላለቀሰችም። ከዚያም ወዲህ እነሱ ፊት አላለቀሰችም። ይህን እንደ ሀብት ነበር የምትቆጥረው፤ ሌላ የራሴ የምትለው ነገር ስላልነበራት።

ሳቁን የሰማ ሌላም ሰው ነበር። ሂላሩስ፣ የገንዘብ መምቻው አለቃ፣ ቀለበቶቹን እያሻሸ ከጓዳው ወጣ። ሂላሩስ ራሱ የቄሣር ባሪያ ነበረ፤ ነፃ የወጣው በጎልማሳነቱ ነው። ባርነትን የቀመሰ ሰው ለባሪያ ያዝናል የሚል ካለ፣ ያ ሰው ሂላሩስን አያውቀውም።

«ምንድን ነው የምታሽካካው ይቺ?»

«ዛፉ ልክ አይደለም ነው የምትለው» አለ ፊሎካሎስ፣ አፍሮ። «ለካ እነሱ አገር ዘንባባ የለም።»

ሂላሩስ አላፈረም። ሰውየው ማፈርን ከባርነቱ ጋር ጥሎት ነው የወጣው። ዲዛን ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ረጅም አንገቷን፣ ከቅንድቧ በላይ ያለችውን ጠባሳ፣ በሻሽ ያሰረችውን ቀይ ፀጉር።

«ለድል በዓሉ ቄሣር በእጁ ለጦር አለቆቹ የሚሰጠው ወርቅ ነው ይሄ» አለ። «ከእነሱ ግማሹ ዳኪያ ዘምተው ነበር። ዘንባባ ካዩ እንደዚህች ልጅ ነው የሚስቁብኝ። በል አዲስ ብረት አውጣ። ጥድ አድርግበት። ሴትዮዋም ከእንግዲህ ከሣጥን አትመጣም። ይቺን አስቀምጠህ ቅረጽ።»

«እኔን?» አለች ዲዛ።

«አንቺን። ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ፣ ሌላ ሥራ የለብሽም። ብረቱ አምሮ ከወጣ ለጌታሽ ዋጋሽን እኔ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ዳኛው ፊት ትቆሚያለሽ፣ እንደ ሕጉ በነፃ ማውጫው በትር ትነኪያለሽ፣ ነፃ ነሽ። አገርሽ መግባት ትችያለሽ።»

«እስካሁን በስንት በትር ተነክቻለሁ ጌታዬ፣ አንዱም ነፃ አላወጣኝ።»

ሩፊዮ ሳቁን ለመደበቅ ሳል አስመሰለ። ሂላሩስ ግን ፈገግ አለ። «ይሄኛው ሌላ ነው» አለና ሄደ።

ዲዛ ያን ቀን ምሳውን አሳረረችው። አገርሽ ትገቢያለሽ። ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ታናሽ እህቷ ታርሳ አለች፤ ምሽጉ ሲወድቅ ድርቆሽ ውስጥ ደብቃት ነው የሄደችው። በሕይወት መኖሯን ከአገራቸው ከመጣ እንጨት ሻጭ ሰምታለች፤ የሮም ወታደሮች ሰፈር አጠገብ አይብ ትሸጣለች አሉ። ዲዛ ከዚያ ወሬ በኋላ የምታስበው ሌላ ነገር አልነበረም። ፈልጋ አግኝታት፣ አንዲት ቤት ሠርተው፣ እንደ ድሮው በአንድ ቁርበት ላይ መተኛት ነበር ምኞቷ። ለዚህ ሲባል ቁጭ ማለት ምን አላት?

ቁጭ አለች። ከምርኮ ግምጃ ቤት ጋሻና ቆልማማ ሰይፍ አምጥተው ከመሩላት፤ እሱ ላይ ተቀመጪ ሲሏት አንዱን ጋሻ ገልብጣ አየችው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ በመጥረቢያ የተከፈለ ነበር።

«እሱ ላይ አልቀመጥም» አለች። «ባለቤቱ ሞቶበታል።»

«መሬት ላይ ሁኚ እንግዲህ» አለ ፊሎካሎስ። «ጋሻውን ከጎንሽ አደርገዋለሁ። አሁን ክንድሽን ጉልበትሽ ላይ። እንደሱ። ጉንጭሽን በመዳፍሽ ያዢ። አንገትሽን ድፊ።»

ክንዷን አስቀመጠች። ጉንጯን ያዘች። አንገቷን አልደፋችም።

«አንገትሽን ድፊ ዲዛ።»

«እምቢ።»

«አሞሻል?»

«ደህና ነኝ። መቀመጡን ተቀምጫለሁ። ጥዱንም ቅርንጫፉ ወደ ታች እንደሚወርድ ነግሬሃለሁ። አንገቴን አልደፋም፣ አላለቅስም። የማላደርገውን ነው የነገርኩህ ጌታዬ፣ በኋላ እንዳትቀየመኝ።»

ፊሎካሎስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ሁለቱን አንዳንዴ ለመለየት ያስቸግራል። አላስገደዳትም። እያጉረመረመ መቅረጫውን አነሣና ሥራውን ጀመረ፤ እየሠራ ደግሞ ማውራት ይወዳል።

«ቄሣርን አንድ ቀንም አይቼው አላውቅም፣ ታውቂያለሽ?» አለ፣ ዓይኑን ከብረቱ ሳያነሣ። «ፊቱን እንደሆነ ሚስቱ ከምታውቀው በላይ አውቀዋለሁ። ከቤተ መንግሥት በኖራ የተሠራ ራስ ይልኩልኛል። በየጊዜው አዲስ ይልካሉ፤ አንገቱ እየወፈረ፣ የግንባሩ መስመር እየጠፋ ነው የሚመጣው። እኔ አረጀሁ፣ እሱ ወጣት ሆነ።»

«ካላየኸው እንዴት ትቀርጸዋለህ?»

«እንደሚፈልጉት ነዋ» አለ ፊሎካሎስ።

ዲዛ ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላለችውም። ሰውየው ቀና ብሎ ያያታል፣ ወደ ብረቱ ይመለሳል፣ ደግሞ ያያታል። የሚያየውን የሚቀርጽ መሰላት። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏት ነበር። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከጥድ ሥር፣ በወርቅ ላይ። ይቺን ጉድ ታርሳ ብታይ ምን ትል ይሆን እያለች ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር።

ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ባለው ቀን ፊሎካሎስ ጨረሰ። ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት።

«ወልውይው። ከሰዓት በኋላ በእሳት እናጠነክረዋለን፣ ነገ ሩፊዮ ይመታበታል» አለና ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ። ዓይኗን አላያትም።

ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ዲዛ ብረቱን በዘይት ወለወለችው። ብረቱ ላይ ሁሉ ነገር ጎድጓዳና ግልብጥ ስለሆነ፣ የሚወጣውን ለማየት የለሰለሰ ሰም ይጫኑበታል። ሰሙን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችና ላጥ አድርጋ አነሣችው።

ጥዱ አምሮበታል። ቅርንጫፎቹ ልክ እንደነገረችው ወደ ታች ወርደዋል፣ በረዶ የከበዳቸው ይመስላሉ። ሰማያዊው ጋሻ ከነተከፈለው ጠርዙ አለ። ሴትዮዋም አለች፤ አፍንጫዋ የዲዛ፣ ጠባሳዋ የዲዛ፣ ከሻሹ ያመለጠው ፀጉር ሳይቀር የዲዛ። አንገቷን ደፍታለች። አገጯ ደረቷን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጉንጯ ላይ ደግሞ ፊሎካሎስ በቀጭኑ መቅረጫ አንዲት ነጥብ አስቀምጧል። እንባ ነው።

ዲዛ ሰሙን ይዛ ቆመች። መጀመሪያ የመጣባት እፍረት ነበር፤ እርቃኗን ገበያ መሀል ያቆሟት ያህል። ከዚያ ንዴቱ መጣ። የድሮዋ ሴት፣ የሣጥኗ፣ ቢያንስ ማንንም አትመስልም ነበር። ጥዱን የሰጠቻቸው እሷ ናት። ፊቷን የሰጠቻቸው እሷ ናት። አፏን ይዛ ቢሆን ኖሮ ከዘንባባ ሥር የማትታወቅ ሴት ታለቅስ ነበር፤ አሁን ግን ከገዛ ጥዷ ሥር የምታለቅሰው እሷ ራሷ ሆነች።

ዝም ማለት ትችላለች። ብረቱን በጨርቁ ጠቅልላ አስቀምጣ፣ በዓሉን ጠብቃ፣ ዳኛው ፊት ቆማ፣ በበትር ተነክታ መሄድ ትችላለች። እስከ ዳኑብ በእግሯ ትሄዳለች። ነገር ግን ወርቁ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። የጦር አለቃው በከረጢቱ ይዞት ይሄዳል፣ ሰፈር ውስጥ ያሳየዋል፣ አይብ ሻጯን ጠርቶ ዳኪያን እያት፣ እናንተ ማለት ይቺ ናችሁ ይላታል። ታርሳም ታያለች። ጠባሳዋን ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆነው በድንጋይ የፈነከተቻት እሷ ራሷ ናት። ከዚያ በኋላ ዲዛ በሩን አንኳኩታ አላለቀስኩም ብትል ማን ያምናታል? ወርቅ ላይ ተጽፎ።

«ሩፊዮ» አለች። «መዶሻህን አውሰኝ።»

ሩፊዮ ሽንኩርትና ቂጣውን ይዞ ከጥላው ቀና አለ። «ለምኑ?»

«ልመታበት ነዋ።»

«ትልቁን አትችይውም» አለና በእግሩ ትንሹን ወደ እሷ ገፋላት። ሁኔታዋ ገብቶት እንደሆነ እንጃ፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ብረቱን መስፉ ላይ አስቀመጠችው። ትልቁን መብሻ ሹሉን ወደ ታች አድርጋ፣ በተደፋው ራስ ላይ አቆመችው። እሳት ስላልነካው ብረቱ ገና ለስላሳ ነው። መታችው። ደገመችው። አገጩ፣ እንባው፣ ጠባሳው ተደፍጥጦ ጉድጓድ ሆነ። ደግማ ሰም ጫነችበትና አየች፤ ከሴትዮዋ አንገት በላይ ያለው ድብልብል እብጠት ብቻ ነው። መዶሻውን በቦታው መለሰች፣ ጨርቁን አጠፈች፣ ሊመጡ እንደሆነ እያወቀች እዚያው መስፉ አጠገብ ቆማ ጠበቀች።

ድምፁን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው ሂላሩስ ነው። ፊሎካሎስ ፀጉሩ እንደረጠበ ኋላ ደረሰ። ሂላሩስ ብረቱን አነሣ፣ ወደ ብርሃን ያዘው፣ ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው?»

ወደ መዶሻ መቺው ዞረ።

«ሩፊዮ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ሽንኩርት እየበላሁ ነው ጌታዬ።»

«እኔ ነኝ» አለች ዲዛ።

ሂላሩስ ዞሮ አያት። ለጊዜው የገባው አልመሰለም። «አንቺ? ነፃነትሽን እኮ ነው የመታሽው አንቺ እብድ።»

«አውቃለሁ። አስተካክዬ ነው የመታሁት።»

«ምን ጎደለብሽ? ያማርሽ ሆነሽ ወጥተሻል። ስንቱ ሰው ፊቱ ወርቅ ላይ ቢወጣለት ይመኛል።»

«አንተ ተቀመጥበታ» አለች ዲዛ። እስከዚያች ቀን ድረስ ሂላሩስን አንተ ያለው ባሪያ አልነበረም። «ቁጭ በልና አንገትህን ድፋ፣ ይቅረጹህ። ባሪያ ነበርክ አይደለም እንዴ? ስታለቅስ ያየህ ሰው የለም? እኔን ግን ማንም አላየኝም። ወንድሞቼን ሲገድሏቸው አላለቀስኩም፣ እግሬን በሰንሰለት አስረው እዚህ ሲያመጡኝ አላለቀስኩም። ያላፈሰስኩትን እንባ እሱ ይሄው በመቅረጫ አፈሰሰልኝ። ልትደበድቡኝ ትችላላችሁ፤ ልትሸጡኝ ትችላላችሁ። ይሄን ፊት ይዛችሁ ግን አገሬ አትገቡም።»

ሂላሩስ በጥፊ መታት። ራሷ ወደ ጎን ዞረና ተመልሶ ቀና አለ። ደገማት፤ አሁንም ቀና አለ። ሦስተኛ ሊሰነዝር እጁን አንሥቶ ተወው፤ ሠራተኛው ሁሉ እያየ ነበር።

«ወደ ወፍጮ ቤት» አለ። «የቄሣርን ብረት ያበላሸ ባሪያ ከእንግዲህ የጌታው አይደለም፣ የቄሣር ነው። ለዳቦ ጋጋሪው ስጧት። አህያ ሞቶበታል ብሏል። አንተ ደግሞ» ወደ ፊሎካሎስ ዞረ፣ «አዲስ ብረት አውጣና ያንኑ ቅረጽ። ከነተደፋ አንገቷ። ነገ ሲነጋ እፈልገዋለሁ።»

ፊሎካሎስ የተበላሸውን ብረት ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጉድጓዱን ዳሰሰው። ከዚያ ዲዛን አያት። ከንፈሯ ደምቷል። በዕድሜው ሙሉ ለአለቃ እሺ ከማለት በቀር ሌላ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«አይደርስም» አለ።

«ምን?»

«ሰው ለመቅረጽ ጊዜ ያስፈልጋል። ጋሻና ሰይፍ ክምር ብቻ ከሆነ ይደርሳል። ጥዱም ይደርሳል። ሴትዮዋ አትደርስም።»

«ከድሮው ናሙና አውጥተህ ቅረጻት።»

«የድሮዋ ዘንባባ ሥር ናት። እርስዎ ራስዎ ይስቁብኛል ብለው የለም?»

«ያለ ማየት ቅረጻት እንግዲህ። ቄሣርን አይተህ ነው የምትቀርጸው?»

«ቄሣርማ» አለ ፊሎካሎስ፣ «አንገትህን ድፋ ብሎት የሚያውቅ የለም። ይቺን ግን አየኋት። አንዴ ካየኋት በኋላ እጄ እምቢ ይለኛል። ጋሻ እቀርጽልዎታለሁ። ካልፈለጉ ሌላ ቀራጭ ያስጠሩ፤ እስከ ነገ የሚገኝ ከሆነ።»

ሌላ ቀራጭ እስከ ነገ አይገኝም፤ ይህን ሂላሩስም ያውቃል። ቀለበቱን አሻሸ። «ጋሻ ይሁን» አለ።

ዲዛን ገመድ አስረው ሲወስዷት ፊሎካሎስ እስከ በሩ ተከተላት። ይቅርታ ሊላት ፈልጎ እንደነበር ያስታውቃል፤ አልቻለበትም። «ጥዱን አልነካውም» አላት ብቻ። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ይቅር አላለችውም፤ ግን ነቀነቀች።

ወፍጮ ቤቱ ከወንዙ ዳር ነው፤ ጨለማ፣ ዱቄት የበዛበት፣ በአንዱ በኩል አህዮች በሌላው ሰዎች ድንጋይ የሚያዞሩበት። እዚያ የገባ ሰው ቶሎ ያረጃል። ዲዛም አረጀች፤ ትከሻዋ ቆሰለ፣ ፀጉሯ በዱቄት ነጣ። ታርሳን ባሰበች ቁጥር ደረቷ ውስጥ የሚቆረጥ ነገር ነበር። ስለ መዶሻው ግን አንድ ቀንም አልጸጸታትም።

በክረምቱ አንድ የጦር አለቃ ለጭፍራው ስንቅ ሊያዝዝ መጣ። ዳቦ ጋጋሪው ከነሚስቱ እየሰገደ ተቀበለው። ሰውየው በአንገቱ ያንጠለጠለውን ወርቅ ደረቱ ላይ እያገላበጠ ነበር የሚያወራው፤ ሰው እንዲያይለት ፈልጓል።

«ቄሣር በእጁ የሰጠኝ ነው» አለ። «ለበዓሉ።»

«እስቲ ልየው ጌታዬ» አለች የዳቦ ጋጋሪው ሚስት፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ። በአንደኛው በኩል ያለውን የቄሣር ራስ አደነቀች፤ ከዚያ ገለበጠችው። «ውይ፣ ያምራል። ጋሻው፣ ጥዱ። ግን እዚህ ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣ ታለቅስ አልነበረም እንዴ? አባቴ ዘንድ በነበረው ላይ ነበረች። የታለች?»

አለቃው ወርቁን ተቀብሎ አየው። ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር። ከጋሻው አጠገብ፣ ከጥዱ ሥር፣ ባዶ ቦታ አለ።

«እኔ እንጃ» አለ። «ረስተዋት ይሆናል።»

«አልረሷትም።»

ድምፁ ከወፍጮው በኩል ነው የመጣው። ሦስቱም ዞሩ። ዱቄት የለበሰች ሴት ድንጋዩን አቁማ ታያቸዋለች።

«ወዴት ነው የምትወስደው?» አለችው አለቃውን።

ሰውየው ግራ ገብቶት መለሰላት። «ወደ ሰፈራችን ነዋ። ዳኑብ ማዶ። ምነው?»

«እዚያም ሴትዮዋ የታለች ብለው ከጠየቁህ፣ ተነሥታ ሄደች በላቸው።»

«አንቺ ምን አገባሽ፣ ግፊ» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ አለንጋውን እያነሣ።

ዲዛ እንጨቱን ያዘች። ድንጋዩ ከባድ ስለሆነ ካላጎነበሱ አይነቃነቅም፤ ወገቧን አጎነበሰችና ገፋችው። አንገቷን ግን አልደፋችም።